ፋይል መላክ ማስተማር አይደለም



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችሁን በቀጥታ ይነካል። ቀን ሥራ ውላችሁ ማታ ዲግሪ የምትማሩ፣ ሱቅ እየጠበቃችሁ የአካውንቲንግ ወይም የኮምፒውተር ኮርስ የያዛችሁ፣ ልጅ እያሳደጋችሁ ከቤት ሳትወጡ ዐረብኛና ፊቅህ የምትቀሩ እህቶች፣ ሁላችሁም በስልካችሁ ተማሪ ሆናችኋል። አልሐምዱሊላህ! ትናንት አገር አቋርጦ መሄድን የሚጠይቅ ትምህርት ዛሬ መዳፋችን ላይ መጥቷል። ይህን ኒዕማ ማቃለል አንፈልግም።

ነገር ግን ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመን «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስንል ከብዙ ወጣቶች የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል፦ «ጀምሬው ነበር፣ ተውኩት።» መጀመሪያ የሚነገረን ምክንያት ኔትወርክ ነው፣ ወይም የፓኬጅ ዋጋ ነው፣ ወይም የሥራ ጫና ነው። ትንሽ ጠጋ ብለን ስንጠይቅ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። «ሁለት ጊዜ ጥያቄ ላኩ፣ የመለሰልኝ የለም።» «አሳይመንቱን ካስገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ይታረም አይታረም አላውቅም።» «መጀመሪያ ሳምንት በየቀኑ ቮይስ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ።»

አቋማችንን ከወዲሁ ግልጽ እናድርገው። በኦንላይን ኮርስ ውስጥ መምህሩ ከተማሪው ጋር ሳያቋርጥ መገናኘቱ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ መልካም ባሕሪ አይደለም። የትምህርቱ ግማሽ አካል ነው። ቪዲዮውና ፒዲኤፉ ከሌላ ቦታም ይገኛሉ። ከሌላ ቦታ የማይገኘው «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ እንዲህ አድርገው» የሚል ሰው ነው። ያ ሰው ከሌለ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት እንጂ ኮርስ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነገር ነው፤ ኮርስ ነው ብሎ መመዝገብና ማስከፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዝምታው ለምን ይከብዳል?

ክፍል ውስጥ መምህሩ ብዙ ባይናገር እንኳ ይታያል። ግራ መጋባታችንን ከፊታችን አንብቦ ይደግምልናል። ከክፍል ሲወጣ ተከትለነው እንጠይቃለን። እሱ ቢቸኩል አጠገባችን የተቀመጠው ጓደኛ ያስረዳናል። በስልክ ስንማር ይህ ሁሉ የለም። ጥያቄ ልከን መልስ ሲጠፋ መልእክቱ ይታይ አይታይ አናውቅም። ያን ባዶ ቦታ የምንሞላው ደግሞ በራሳችን ግምት ነው። ግምታችን ብዙ ጊዜ በራሳችን ላይ ይዞራል፦ «ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ ሆኖበት ይሆናል»፣ «ሌሎቹ ገብቷቸዋል ማለት ነው»፣ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም።» መምህሩ ግን ያን ሳምንት ለቅሶ ላይ ነበር ይሆናል፤ ወይም መልእክቱ በሌሎች መቶ መልእክቶች ተቀብሮበት ይሆናል። እሱ የረሳት አንዲት መልእክት ተማሪው ዘንድ ፍርድ ሆና ትቀመጣለች።

ሌላው ችግር፣ ከኦንላይን ትምህርት የሚወጣ ሰው ድምፅ አያሰማም። ከክፍል የቀረ ተማሪ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ከቴሌግራም ግሩፕ የቀረ ግን ስሙ እዚያው አለ። 200 አባላት የነበሩት ግሩፕ ዛሬም 200 አባላት አሉት፤ በትክክል የሚማሩት ምናልባት 15 ቀርተውም ሊሆን ይችላል። መምህሩ ቁጥሩን አይቶ ደስ ይለዋል። በየቤቱ በሐፍረት የተቀመጠውን ወጣት የሚያይ ግን የለም።

ማይክል ሙር የተባለ የርቀት ትምህርት ምሁር (ስሙ ከፊልም ሠሪው ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ሰው ነው) በትምህርት ውስጥ ያለው ርቀት የኪሎ ሜትር ጉዳይ እንዳልሆነ አስተምሯል። በሐሳቡ መሠረት በመምህርና በተማሪ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት የሚሰፋውም የሚጠበውም በመካከላቸው ባለው ንግግር መጠንና በኮርሱ አቀራረብ ነው። ስለዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሊራራቁ፣ በሁለት አገር ያሉ ሰዎች ደግሞ ሊቀራረቡ ይችላሉ። ይህ ለእኛም እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አጠገቡ ተቀምጠን ያልጠቀመን፣ በስልክ አስተምሮን ግን የጠቀመን ሰው ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ሕግ የሆነበት አገር

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ከምክር አልፎ የመንግሥት ደንብ ሆኗል። እዚያ ተማሪዎች ከፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማና ብድር ያገኛሉ። መንግሥት ገንዘቡን ሲሰጥ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይህ ኮርስ እውነተኛ የርቀት ትምህርት ነው ወይስ ጽሑፍ እየላኩ ተማሪውን ለብቻው የሚተው «የደብዳቤ ትምህርት»? ሁለቱን የሚለየው መስመር መምህሩ ከተማሪው ጋር በቋሚነትና ቁም ነገር ባለው መንገድ መገናኘቱ ነው። ከኮርሶቹ ከግማሽ በላይ በደብዳቤ የሚሰጥ ተቋም ተማሪዎቹን ለዚያ ገንዘብ ብቁ ማድረግ አይችልም።

በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የውስጥ ተቆጣጣሪ ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ በተባለ ትልቅ የኦንላይን ተቋም ላይ ኦዲት አካሂዶ ብዙዎቹ ኮርሶች ይህን መስፈርት አያሟሉም አለ። ተቋሙ ከ712 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስም ሐሳብ አቀረበ። ለፍትሕ ሲባል መጨረሻውን እንናገር፦ በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሚኒስቴሩ ሕጉ ግልጽ እንዳልነበረና ተቋሙ በቅን ልቦና እንደሠራ ገልጾ ገንዘቡን መመለስ አይጠበቅበትም ብሎ ወሰነ። ክርክሩ ግን አንድ ነገር አሳይቷል። «መምህሩ ተማሪውን ያናግራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያከራክር ከባድ ጥያቄ ነው።

ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው ደንብ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በአንድ ኮርስ ውስጥ ከአምስት ነገሮች ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው፦ በቀጥታ ማስተማር፣ የተማሪውን ሥራ አርሞ አስተያየት መስጠት፣ ስለ ትምህርቱ ይዘት ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ መስጠት፣ የቡድን ውይይት መምራት፣ ወይም እውቅና ሰጪው አካል የፈቀደው ሌላ የማስተማር ተግባር። ግንኙነቱ ተማሪው አስቀድሞ በሚያውቀው ፕሮግራም መሆን አለበት። መምህሩም ተማሪው እየተከታተለ መሆኑን አይቶ፣ ሲያስፈልግ ሳይጠየቅ ራሱ ቀድሞ መድረስ አለበት። ከዚያ በፊት በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የሚኒስቴሩ ማብራሪያም በአብዛኛው ተማሪው ብቻ የሚጀምረው ግንኙነት እንደማይበቃ ተናግሮ ነበር። «ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን» ብሎ መቀመጥ ማስተማር አይባልም ማለት ነው።

እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ነው?

የአሜሪካን ደንብ ያነሳነው እነሱን ለማድነቅ አይደለም። ሦስቱ ሐሳቦች፣ ማለትም የታወቀ ቀን፣ እርማት፣ የጠፋን መፈለግ፣ በሐዲስ ኪታቦቻችን ውስጥ የምናውቃቸው ስለሆኑ ነው።

ስለ ታወቀው ቀን፦ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን በየሐሙሱ ያስተምሩ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። በየቀኑ ቢሆንልን ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። እሳቸው ግን ሰዎች እንዳይሰላቹ ሲሉ አልፈቀዱም፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከእነሱ ጋር እንዲሁ ጊዜ ይመርጡ እንደነበር ነገሯቸው። ልብ በሉ! በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ግን ሐሙስ መሆኑ ይታወቃል። ሴቶችም ወንዶቹ እንደቀደሟቸው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረው የራሳቸው ቀን እንዲሰጣቸው በጠየቁ ጊዜ ቀን ተወስኖላቸዋል። መምህሩ ብዙ ከማውራቱ ይልቅ በቀኑ መገኘቱ ይበልጣል።

ስለ እርማት፦ ሶላቱን አበላሽቶ የሰገደውን ሰው ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዩት፣ መለሱት፤ እንደገና ሰገደ፣ እንደገና መለሱት፤ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ ሰውየው ከዚህ የተሻለ እንደማያውቅ ተናግሮ እንዲያስተምሩት ሲጠይቅ ከተክቢራው ጀምረው አንድ በአንድ ነገሩት። ሥራውን አይተውለታል፣ ትክክል እንዳልሆነ ነግረውታል፣ እንዲደግም ዕድል ሰጥተውታል፣ ከዚያም መንገዱን አሳይተውታል። ዛሬ የምናስገባው አሳይመንት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

የጠፋን ስለ መፈለግ፦ መስጂድ ትጠርግ የነበረችውን ሴት አስታውሱ። ሰዎች ጉዳዩዋን ቀለል አድርገው አይተውት ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን መጥፋቷን አስተውለው ጠየቁ። መሞቷ ሲነገራቸው ለምን እንዳልነገሯቸው ጠይቀው ወደ ቀብሯ ሄደው ሰገዱባት። ያን ያህል ኃላፊነት የነበረባቸው ነቢይ የአንዲት ጠራጊ መጥፋት ካልተሰወረባቸው፣ የአርባ ተማሪ ስም የያዘ መምህር «አላስተዋልኩም» ሲል ምን ይባላል?

የሚነሱ ምክንያቶች

በመምህራኖቻችን ላይ ጫና እንዳለ እናውቃለን። ምክንያቶቻቸውንም አንንቅም።

«ተማሪው ብዙ ነው፣ እኔ አንድ ነኝ።» እውነት ነው። ጆርጂያ ቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 300 ያህል ተማሪዎች የነበሩበት አንድ የኦንላይን ኮርስ በአንድ ሴሚስተር 10 ሺህ ገደማ መልእክት ይጻፍበት ነበር። ፕሮፌሰሩ አሾክ ጎል በ2016 እ.ኤ.አ. «ጂል ዋትሰን» የሚል ስም የሰጡትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከረዳት መምህራን ጋር አሰልፈው ነበር። ተለምዷዊ ጥያቄዎችን ትመልስ የነበረችው ይህች «ረዳት» ሰው አለመሆኗን ብዙዎቹ ተማሪዎች ኮርሱ እስኪያልቅ አላወቁም። «ፈተናው መቼ ነው? አሳይመንቱ በምን ይላካል?» ለሚለው እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ቢጠቅም አንቃወምም። ግን ሰዎቹ ረዳቶች እንዳልተነሱ አስተውሉ። እኛም ከጥንት የለመድነው መፍትሔ አለን። በደረሳ ቤቶቻችን ቀድሞ የቀራ ደረሳ ከኋላው ለመጣው ያስቀራል፤ ሸይኹ ዘንድ የሚደርሰው የከበደው ብቻ ነው። ለየሃያ ተማሪ አንድ ረዳት መመደብ ይቻላል። ያም ካልተቻለ ማስተማር የምንችለውን ያህል ብቻ እንመዝግብ። 30 ሰው አስጨርሶ መሸኘት 500 ሰው መዝግቦ ከመበተን ይሻላል።

«በነጻ ነው የማስተምረው።» አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን ለአላህ ብሎ ውሃ የሚያጠጣ ሰው እንስራው ባዶ እንደሆነ እያወቀ ሰው አያሰልፍም። ተማሪው ገንዘብ ባይከፍልም ጊዜውን ከፍሏል፤ ከሁሉ በላይ ተስፋውን ከፍሏል። ቃል ገብተን ከመዘገብነው በኋላ ጉዳዩ አማና ነው።

«ኔትወርክና መብራት ያስቸግራል።» እዚህ አገር እየኖርን ይህን የሚክድ የለም። መጥፋት አይቀርም፤ ተናግሮ መጥፋት ግን ይቻላል። «ከነገ ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰኞ ኢንሻአላህ እመልሳለሁ» የምትል አንድ መስመር ምንም ያህል ዳታ አትበላም። የተማሪውን ልብ ግን ታሳርፋለች።

ምን ይደረግ?

ለምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች ከትሕትና ጋር የምናቀርበው ይህ ነው።

1. በመጀመሪያው ቀን አንድ ግልጽ መልእክት ጻፉ። የት እንጻፍላችሁ? በየትኞቹ ቀናት ትመልሳላችሁ? ቢበዛ በስንት ሰዓት ውስጥ? በምን ጊዜ አትገኙም? «በ48 ሰዓት ውስጥ» ካላችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሁን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መልሱ የሚላችሁ የለም። ቤተሰብም ዕረፍትም ሐቅ አላቸው።

2. በሳምንት ሁለት ቋሚ መልእክት ይብቃ። ሳምንቱ ሲጀምር «የዚህ ሳምንት ትምህርት ይህ ነው፣ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው»፤ ሲያልቅ «ብዙዎቻችሁ የተሳሳታችሁት እዚህ ላይ ነው።» የአንድ ደቂቃ ቮይስ ይበቃል። የአንድ ሰዓቱ ቮይስ አንዴ ተልኮ ወር ሙሉ ከሚጠፋ ይህ ይበልጣል።

3. እርማታችሁ ወደ ሥራው የሚያመለክት ይሁን። «ጥሩ ነው፣ በርታ» መልካም ቃል ነው፤ አያስተምርም ግን። «ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ከባንክ የተበደርከውን በሀብት በኩል አስገብተኸዋል፤ ወደ ዕዳ አዛውረውና እስከ ዓርብ ላክልኝ» ብትሉት ግን ስሕተቱንም ቀጣዩን እርምጃም አወቀ።

4. በየሁለት ሳምንቱ ዝም ያሉትን ቁጠሩ። ግሩፕ ውስጥ ስም ጠርቶ ማሳፈር ሳይሆን በግል፦ «ሁለት ሳምንት አላየንህም፣ ደህና ነህ? ከሦስተኛው ትምህርት መቀጠል ትችላለህ።» ስለ ደህንነቱ መጠየቃችሁም ከየት መቀጠል እንዳለበት መንገራችሁም እኩል ያስፈልጉታል።

5. እህቶችን አትርሱ። ብዙዎቹ ሰው በበዛበት ግሩፕ ውስጥ ለመጻፍ ያፍራሉ፣ በግል ለመጻፍም ይቸገራሉ። ሴት ረዳት መመደብ ወይም የእነሱ ብቻ የሆነ የጥያቄ ሰዓት መወሰን ይህን ይፈታል።

ለእናንተ ለተማሪዎችም ድርሻችሁ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የተቋሙን ፈቃድ መጠየቁ እንዳለ ሆኖ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፦ የሚያስተምረኝ ማነው? ጥያቄዬ በስንት ቀን ይመለሳል? ሥራዬን አርሞ የሚመልስልኝ ማነው? የምዝገባ ክፍያ መቀበያውን የባንክ ቁጥር በደቂቃ የሚልክ ተቋም ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ካጣ፣ ብራችሁን ያዙ።

ጥያቄ ስትጠይቁም አስተካክሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም ኡስታዝ» ብሎ ጽፎ መልስ መጠበቅ የሁለታችሁንም ጊዜ ይበላል። ከሰላምታው ጋር የትኛው ኮርስ፣ የትኛው ትምህርት፣ የት ላይ እንደቆማችሁ፣ ምን እንደሞከራችሁ በአንድ መልእክት ጻፉ። የተባለው ጊዜ ካለፈ አንድ ጊዜ በአደብ አስታውሱ። ያም ካልሆነ ለአድሚኑ ወይም ለሬጅስትራሩ ማመልከት መብታችሁ ነው፤ ሐቅን መጠየቅ አደብ ማጣት አይደለም።

ለማቋረጥ ስታስቡ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። «ከበደኝ፣ ላቋርጥ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሳምንት ዕረፍት ወይም አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ይሆናል። መልስ ባጣችሁ ጊዜም «እኔ አልችልም» ወደሚለው አትቸኩሉ። ችግሩ ከእናንተ ችሎታ ሳይሆን ከኮርሱ አሠራር ሊሆን ይችላል። አንድ ኮርስ ቢያሳዝናችሁ ለመማር ያላችሁን ፍላጎት ይዞባችሁ እንዳይሄድ።

በመጨረሻም ለኮርስ አዘጋጆች አንድ ቃል። አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት የድሮውን ግሩፕ ክፈቱና ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ቁጠሩ። እነሱን ሳትመልሱ «አዲስ ምዝገባ ጀምረናል» አትበሉ።

አላህ የሚያስተምሩንን በዒልማቸውም በጊዜያቸውም በረካ ያድርግላቸው። የምንማረውንም የሚጠቅመን ያድርገው፣ የጀመርነውን ከሚጨርሱት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ